የእናቴን መድኃኒት በእኔ ስም ላውጣው?

ደብዳቤው፦

ሰላም እህቴ፣ እንደምን አለሽልኝ። ዓምድሽን ሁሌ አነባለሁ፤ እኔም አንድ ቀን እጽፍልሻለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ አምስተኛ ሳምንቴ ነው። እናቴ ከመውለዴ በፊት ልታርሰኝ ከደሴ መጣች። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ሕፃኑን ማጠቡ፣ ሁሉም በእሷ ነው። ያለ እሷ ምን ይውጠኝ እንደነበር አላውቅም።

እማዬ 67 ዓመቷ ነው። ግፊትም ስኳርም አለባት። ለግፊቱ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለስኳሩ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። እንቅልፍ እምቢ ሲላት የምትውጣት ዲያዜፓምም አለች። ስትመጣ የሦስት ወር ይዛ ነበር። የምትመለሰው ግን ገና በኅዳር ነው። የጉዞ ኢንሹራንስ ገዝተንላት ነበር፣ ስንደውል «የቆየ በሽታ አንሸፍንም» አሉን።

ባለፈው ሳምንት አልጋዋን ሳነጥፍ ትራሷ ሥር በሶፍት የተጠቀለሉ ግማሽ ግማሽ ኪኒኖች አገኘሁ። ስጠይቃት «እያብቃቃሁት ነው እንጂ፣ አገሬ እስክገባ» አለችኝ። ደነገጥኩ። ከጎረቤት መለኪያ ተውሼ ግፊቷን ስለካት 168 በ96 ሆነ። እሷ ግን ምንም አይሰማኝም ትላለች። ጉልበቷን ስለሚያማት ጠዋትና ማታ ከምሰጣት አድቪል በቀር ሌላ ነገር አልጨመርንም። ደረቅ ሳልም አለባት፤ እኛ ኤሲው ነው እንላለን፣ እሷ የደሴ ብርድ ነው ትላለች።

ባለቤቴ በቪዲዮ የሚያክሙ ዶክተሮች ያሉበት አፕ አገኘ። አናግረሽ ማዘዣውን በቀጥታ ፋርማሲ ይልኩልሻል። እማዬ «ሐኪም እጄን ሳይዝ ምኔን ያውቀዋል? ለእኔ ብላችሁ ደግሞ ዶላር አትበትኑ» ብላ ዘጋችው። ዳላስ ያለው ታላቅ ወንድሜ በበኩሉ «አንቺ ኢንሹራንስ አለሽ። በራስሽ ስም ቀጠሮ ያዢና ከወሊድ በኋላ ግፊት ያዘኝ በያቸው፣ መድኃኒቱን ለእማዬ ስጫት» ይላል። ጓደኛው ለአባቱ እንደዚያ አድርጎ ምንም አልሆነም አሉ። በመስከረም እሱ ጋ ሊወስዳትም አስቧል።

ምን ይሻለኛል? በእኔ ስም ላውጣው? በስልክ የሚሰጥ ሕክምናስ ይታመናል? ወይስ መንገደኛ ፈልጌ ከአዲስ አበባ ላስመጣ? በዚያ ላይ ፍልሰታ እየገባ ነው፣ እማዬ ደግሞ ጾም ላይ ቀልድ አታውቅም።

አራሷ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

አራሷ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ልጅሽን ያሳድግልሽ።

ወንድምሽ ካለው ልጀምር፤ ከደብዳቤሽ ውስጥ በጣም ያስፈራኝ እሱ ነው። አታድርጊው። በክፋት እንዳላለው ይገባኛል፤ እኛ ደግሞ ለእናት ሲሆን ሕግም አይታየንም። ለሌላ ሰው የሚሆን መድኃኒት በራስ ኢንሹራንስ ማውጣት ማጭበርበር ነው፤ ይሄን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ባታውቂው ኖሮ አትጠይቂኝም ነበር። እኔን ከሕጉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። አንቺ አራስ ነሽ። ከወለደች አምስት ሳምንት የሆናት ሴት «ግፊቴ 168 በ96 ነው» ብላ ለሐኪም ስትናገር፣ ሥራውን የሚያውቅ ሐኪም ኪኒን ጽፎ አይሸኛትም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከፍተኛ ግፊት ሰውነት እስከማንዘፍዘፍና ጭንቅላት ውስጥ ደም እስከማፍሰስ ሊደርስ ስለሚችል «ስልኩን ዝጊና አሁኑኑ ሆስፒታል ሂጂ» ነው የሚልሽ። ዝም ብሎ ከጻፈልሽ ደግሞ እንዲህ ያለው ሐኪም ለእናትሽም አይሆናቸውም።

ቢሳካልሽስ? በመዝገብሽ ላይ «ግፊት አለባት፣ ስኳር አለባት» የሚል ይሰፍራል። ሁለተኛ ልጅ ስታረግዢ ሐኪምሽ የሚያየው ያንን ነው። የሕይወት ኢንሹራንስ ስትጠይቂም ሊመጣብሽ ይችላል። ዋናው ደግሞ መድኃኒቱ የሚለካው በአንቺ ዕድሜና በአንቺ ኩላሊት ነው፣ የሚውጡት ግን የ67 ዓመት እናትሽ ናቸው። የወንድምሽ ጓደኛ አባት ምንም አልሆኑም፣ እሰይ። እናትሽ ግን ሌላ ሰው ናቸው።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ ጉዳይ። ምናልባት ሳታስቢው የጻፍሻት አንዲት ነገር አለች፤ አድቪሉ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ይሄኛውን ግን የትኛውም ፋርማሲስት ይነግርሻል። አድቪል ማለት አይቡፕሮፌን ነው። እሱም ሆነ አገር ቤት ለወገብም ለጉልበትም እንደ ከረሜላ የሚገዛው ዲክሎፌናክ ግፊት ከፍ ያደርጋሉ። ከኢናላፕሪልና ሽንት ከሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ሦስት ሆነው ሲገናኙ ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ፤ በተለይ በዕድሜ ለገፋ ሰውና ውኃ ብዙ ለማይጠጣ። እና ያ 168 የመጣው መድኃኒቱ ስለተገመሰ ብቻ ላይሆን ይችላል። ዛሬውኑ ወደ ሰፈርሽ ፋርማሲ ደውለሽ ፋርማሲስቱን አናግሪ፤ ምክሩ በነፃ ነው፣ ቀጠሮም አይፈልግም። የሚወስዱትን ሁሉ ዘርዝረሽ «ለጉልበታቸው በአድቪል ፈንታ ምን ልስጣቸው?» በይ። ታይለኖል፣ ማለትም እኛ ፓራሲታሞል የምንለው፣ ወይም የሚቀባ ነገር ይሉሽ ይሆናል። ግማሽ ግማሽ ሲወስዱ ስለከረሙም ወደ ሙሉው መጠን እንዴት እንደሚመለሱ በዚያው ጠይቂ። የስኳሩን በተለይ። ስኳራቸውን ሳትለኩ በድፍረት ሙሉውን አትስጧቸው።

መለኪያ ግዙ፣ የተዋሳችሁትን መልሱ። ክንድ ላይ የሚታሰረውን እንጂ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን አይደለም። ስትለኪያቸው አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፣ ጀርባቸው ይደገፍ፣ እግራቸው መሬት ይንካ፣ ክንዳቸው በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ቡና ጠጥተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አይለኩ (ሦስተኛውን ስኒ ይዘው ከለካሻቸው የምትለኪው በረካውን ነው)። ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት። ቁጥሩን ከነሰዓቱ ወረቀት ላይ ጻፊ። ይቺ ወረቀት ለቪዲዮው ሐኪም ወርቅ ናት።

168 በ96 ዛሬ ማታ ኢመርጀንሲ የሚያስሮጥ ቁጥር አይደለም፣ እስከ ኅዳር የሚቆይም አይደለም። ላይኛው ከ180 ወይም ታችኛው ከ120 ካለፈና ከዚያ ጋር የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን መጋረድ፣ የአፍ መንሻፈፍ ወይም የአንድ ወገን መዛል ከመጣ ግን አፕም ወንድምም አታማክሪ፣ 911 ደውዪ። ዋጋውን አትፍሪ። ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ኢንሹራንስ የለህም ብሎ ሰው ሳይመረምርና ሳያረጋጋ መመለስ አይችልም። ሂሳብ ይመጣል፣ አዎ። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ግን አቅም ለሌለው የሚቀንሱበት የዕርዳታ ደንብ እንዲኖራቸው ግዴታ አለባቸው፤ ቅጹን መጠየቅ ነው።

እሺ፣ የስልክ ሕክምና ይታመናል ወይ? ለእናትሽ ዓይነት ጉዳይ አዎ፣ ልክ ካወቅሽለት። የቆየ በሽታ፣ የታወቀ መድኃኒት፣ ሊያልቅ የተቃረበ ኪኒን፤ ለእንዲህ ያለው ነገር የቪዲዮ ሐኪም ጥሩ መሻገሪያ ነው። ያያቸዋል፣ ይጠይቃቸዋል፣ የለካሻቸውን ያነባል፣ ማዘዣውን በኮምፒውተር ወደመረጣችሁት ፋርማሲ ይልካል። የማይችለው ደግሞ አለ። እግራቸው ማበጡን በጣቱ ተጭኖ አያይም፣ ልባቸውን አያዳምጥም፣ የኩላሊታቸውን ሁኔታ ከስክሪን አያነብም። ሜትፎርሚን የኩላሊት አቅም በጣም ለወረደ ሰው አይሰጥም፤ ኢናላፕሪልም ኩላሊትና ፖታሲየም እየታየ ነው የሚሄደው። ስለዚህ «የደም ምርመራ ማዘዝ ትችላላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙዎቹ አቅራቢያችሁ ወዳለ ላቦራቶሪ ይልኳችኋል። የኩላሊት፣ የፖታሲየምና የሦስት ወር ስኳር ምርመራ። ሐኪሙ ምንም ሳይጠይቅ በሁለት ደቂቃ ውስጥ «ልኬዋለሁ» ካለ ሌላ ፈልጉ። ማዘዣ አያስፈልግም ብሎ መድኃኒት የሚሸጥ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁማ ገጹን ዝጉት፤ እዚህ አገር ሕጋዊ ፋርማሲ የማዘዣ መድኃኒት ያለ ማዘዣ አይሸጥም፣ በፖስታ የሚመጣው ኪኒን ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ከቀጠሮው በፊት የመድኃኒቶቹን እሽግ ሁሉ ፎቶ አንሺ፤ ስሙ፣ ሚሊግራሙ፣ በቀን ስንቴ እንደሚውጡት። ደሴ ላለው ሐኪማቸው ወይም እዚያ ላለ ዘመድ ደውለሽ የካርዳቸውን ገጽ በቴሌግራም ያስልኩልሽ፤ የመጨረሻው ምርመራ ውጤት ካለ በጣም ይጠቅማል። የደሴው ማዘዣ ራሱ እዚህ ፋርማሲ ባይሠራም፣ ሐኪሙ ከባዶ እንዳይጀምር ያደርገዋል። አንድ ነገር እንዳያደናግራችሁ፦ ግሊቤንክላማይድ ስትዪ የአሜሪካ ሐኪም ግር ሊለው ይችላል፣ እዚህ ግላይቡራይድ ነው የሚባለው፤ ያው አንድ መድኃኒት ነው። እንዲያውም ይሄኛው መድኃኒት ስኳርን ከመጠን በላይ ሊያወርድ ስለሚችል የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ባይታዘዝ ይመርጣል። ስለዚህ ሐኪሙ «ይሄን ልቀይርላቸው» ቢል አትደንግጡ፣ ምክንያቱን ይንገራችሁ።

ሳሉንም ንገሩት። ኤሲውም ብርዱም ሊሆን ይችላል። ኢናላፕሪልና መሰሎቹ ግን የታወቀ ደረቅ ሳል አላቸው፤ ሰው ለዓመታት «ብርድ ነው» እያለ ከሳሉ ጋር ይኖራል። ከሆነ የሚቀየር መድኃኒት አለ። በራሳችሁ ግን አታስቁሙ።

ዲያዜፓሟን ከአፕ አትጠብቁ። እሷ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ውስጥ ናት። ራያን ሄይት የሚባል የ18 ዓመት የካሊፎርኒያ ልጅ በ2001 እንደ ፈረንጆቹ፣ በኢንተርኔት ያዘዘውን ኪኒን ወስዶ ሞተ፤ በ2008 በስሙ የወጣው የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያሉትን መድኃኒቶች ሐኪም በአካል ሳያይ በኢንተርኔት እንዳያዝ ከለከለ። በኮቪድ ጊዜ ላላ ብሏል፣ ያም ሆኖ ብዙ አፖች አይነኳትም። እውነቱን ለመናገር በ67 ዓመት ሌሊት ተነስቶ ሕፃን ለሚያባብል ሰው የምታደነዝዝ ኪኒን ባትኖርም ደስ ይለኛል፤ መውደቅ አለ። በየቀኑ የሚወስዷት ከነበረ ግን በድንገት ማቆም ስለማይገባ ለሐኪሙ በግልጽ ይነገር።

እናትሽ እምቢ ስላሉት ነገር ደግሞ ላውራሽ፤ ይሄን ደብዳቤሽን ሳነብ ደጋግሜ ያሰብኩበት ነው። እናትሽ ኪኒን የሚገምሱት ስለማያውቁ ይመስልሻል? ያውቃሉ። ዶላሩን ወደ ብር እየመነዘሩ ነው። እዚህ የሚሰሙት ዋጋ ሁሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ በብር ይባዛል፣ ከዚያ «ልጄ ገና ወልዳ፣ ሥራ አቁማ፣ እኔ ደግሞ ልጨመርባት?» ይላሉ። ሊያግዙሽ መጥተው ሸክም መሆን አይፈልጉም። «ሐኪም እጄን ሳይዝ» የምትለዋ ቃል እውነተኛ ጥርጣሬ አለባት፣ ግማሿ ግን ገንዘብ ናት ብዬ እጠረጥራለሁ። እስኪ ልጠይቅሽ፣ ስለ ወጪ ከእናትሽ ጋር ቁጭ ብለሽ አውርተሽ ታውቂያለሽ? ወይስ «አንቺ አታስቢ እማዬ» ብለሽ አልፈሽዋል? ብዙዎቻችን የምንለው እሱን ነው። እናት ግን አታስቢ ሲሏት የምታስብ ፍጡር ናት።

ስለዚህ ዋጋውን አሳዪያቸው። ቁጥሩን። ሜትፎርሚን ዋልማርት ከ2006 ጀምሮ በሚሸጥበት የ4 ዶላር ዝርዝር ውስጥ አለ፤ የ30 ቀን 4 ዶላር፣ የ90 ቀን 10 ዶላር። የግፊቶቹም በየፋርማሲው ርካሽ ከሚባሉት ናቸው፤ ዋጋው ግን ከፋርማሲ ፋርማሲ በጣም ስለሚለያይ ማዘዣው ከመላኩ በፊት እንደ ጉድአርኤክስ ባሉ የቅናሽ ኩፖን አፖች ላይ አወዳድሩ። ኩፖኑ ኢንሹራንስ አይጠይቅም። ሐኪሙንም የ30 ሳይሆን የ90 ቀን እንዲጽፍ ለምኑት፤ እስከ ኅዳር ያደርሳቸዋል። ለቀጠሮውም ቢሆን፣ ከ2022 ጀምሮ ኢንሹራንስ ለሌለው ታካሚ ግምታዊ ዋጋውን አስቀድሞ በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ ስላለ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። ከዚያ ቡናው ተፈልቶ ቁጭ ስትሉ «እማዬ፣ ኪኒንሽ ይሄ ነው ዋጋው፣ ለዳይፐር ከምናወጣው ያንሳል» በያቸው። እንዲህ ዓይነቱ ንግግር ከአሥር ልመና ይሻላል ባይ ነኝ።

በቪዲዮው ጊዜ ደግሞ አንቺ አታስተርጉሚ። ግራ ያጋባሽ ይሆናል፤ እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው፣ እናትሽን ታውቂያቸዋለሽ። ግን እናት በልጇ አፍ የማትናገረው ነገር አለ። ሽንት እያመለጣቸው እንደሆነ፣ ሌሊት ስንቴ እንደሚነሱ፣ ራሳቸውን ስተው ያውቁ እንደሆነ፣ ለአንቺ ሲሉ ይደብቁታል፤ አንቺም ሳይታወቅሽ «ትንሽ ያማታል» ብለሽ ታለሰልሺዋለሽ። የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች በነፃ ማቅረብ አለባቸው፤ በግል ክፍያ ብቻ የሚሠራ አፕ ከሆነ ግን ላይኖረው ስለሚችል ከመክፈልሽ በፊት አረጋግጪ። በእናንተ አካባቢ ደግሞ ሐበሻ ሐኪም እንደ ልብ ነው፤ በአማርኛ በቪዲዮ የሚያይ ካገኛችሁማ እናትሽ ግማሽ ጥርጣሬያቸው ይለቃቸዋል። መጀመሪያ «ከየት ነህ ልጄ?» ብለው የዘር ሐረጉን መቁጠራቸው አይቀርም፣ ታገሡ።

እጃቸውን የሚይዝ ሐኪም ካልሆነ ብለው ከጸኑም ልክ ናቸው፣ መንገድ አለ። የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ኢንሹራንስ ባይኖርም ይቀበላሉ፣ ክፍያውንም በገቢ ልክ ይቀንሳሉ። በአካባቢሽ ሜሪስ ሴንተር እንዲህ ያለ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ቅርንጫፍ አለው። አዲስ ታካሚ ቀጠሮ ለማግኘት ቀናት ወይም ሳምንታት ሊወስድበት ይችላል። እኔ ብሆን ሁለቱንም አደርጋለሁ፤ ዛሬ ለጤና ጣቢያው ደውዬ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ መድኃኒቱ ከዚያ በፊት እንዳያልቅ ደግሞ በዚህ ሳምንት በቪዲዮ አሳያለሁ። በእናትሽ ስም፣ በእናትሽ የልደት ቀን፣ እናትሽ ራሳቸው ስክሪኑ ፊት ተቀምጠው።

ዳላስን በተመለከተ ለወንድምሽ የሚነገር ነገር አለ። ሐኪም የሚያክመው ፈቃድ ባለው ስቴት ያለን ታካሚ ነው፤ የሚታየውም የአፑ አድራሻ ሳይሆን በሽተኛው በዚያች ደቂቃ የተቀመጠበት ቦታ ነው። እናትሽ ሜሪላንድ ሳሉ ያየቻቸው ሐኪም የቴክሳስ ፈቃድ ከሌላት ዳላስ ሆነው ሲደውሉ ላታያቸው ትችላለች። ስለዚህ የ90 ቀኑ መድኃኒት ተወስዶ፣ የደም ምርመራው ውጤት ታውቆ፣ ከዚያ ይሂዱ። ለማገዝ ከፈለገ (እንደሚፈልግ እርግጠኛ ነኝ) የቀጠሮውን ክፍያ እሱ ይላክ። እናትሽም ገንዘቡ ከአራስ ልጃቸው ኪስ እንዳልወጣ ሲያውቁ ቀለል ይላቸዋል።

መንገደኛው የመጨረሻ አማራጭ ይሁንልሽ። መንገደኛ እስኪገኝ መድኃኒቱ ያልቃል። በሌላ ሰው ስም የተያዘ ኪኒን ይዞ ኤርፖርት ላይ የሚጠየቀው ደግሞ እሱ ነው፤ ሰው ውለታ ውሎ ለምን ይጉላላ። የድሮውን መጠን በድሮው መልክ ማስመጣት ኩላሊታቸው የት እንደደረሰ፣ ሳሉ ከምን እንደመጣ አይነግርሽም።

ፍልሰታ። እዚህ ላይ በጥንቃቄ ልናገር፤ ጾሙ የእሳቸው ነው፣ የእኔም የአንቺም አይደለም። ሥጋና ወተቱን መተዋቸው አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ሰዓቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ሆነው ጠዋት ግሊቤንክላማይድ ከዋጡ ስኳራቸው ቁልቁል ሊወርድ ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ ከዚያም መውደቅ፤ እጃቸው ላይ ደግሞ ሕፃን አለ። ሐኪሙ ስለ ጾም ከራሱ አይጠይቃችሁም፣ ላያውቀውም ይችላል። እናንተ ንገሩት፦ «እስከዚህ ሰዓት አይበሉም፣ የመድኃኒቱን ሰዓት እንዴት እናድርገው?» ሐኪሙ የሚለውን ከሰማችሁ በኋላ እናትሽ ደሴ ላሉት የንስሐ አባታቸው ይደውሉ። አንቺ «አትጹሚ» ብትያቸው ተጣልታችሁ ታድራላችሁ፤ አባ «በሰዓቱ ቀምሰሽ መድኃኒትሽን ዋጪ» ካሏቸው ግን አበቃ። እስከዚያው ትራሳቸው አጠገብ ቴምር ወይም ጭማቂ ይቀመጥ።

በመጨረሻ ስለ አንቺ። አምስት ሳምንት የሆናት አራስ ሆነሽ መለኪያ ከጎረቤት ስትለምኚ፣ ኢንሹራንስ ስትደውዪ፣ ከወንድምሽ ስትከራከሪ ነው የከረምሽው። ባለቤትሽ አፑን ማግኘት ከቻለ ዋጋ ማወዳደሩን፣ ፋርማሲ መሄዱንና ላቦራቶሪ ማድረሱን እሱ ይያዘው። አንቺ የእሽጎቹን ፎቶ አንሺና ያቺን የቁጥር ወረቀት ጀምሪ፣ ሌላውን ስጪው። በነገራችን ላይ የራስሽን ግፊትስ ለክተሽው ታውቂያለሽ? መለኪያው ከመጣ አይቀር አንዴ ክንድሽ ላይ እሰሪው። ከፍ ካለ ወይም የማይለቅ ራስ ምታት ካለሽ ለአዋለደችሽ ሐኪም በዚያው ቀን ደውዪ፤ ያኔ በስምሽም በኢንሹራንስሽም መታከም ያንቺ ነው።

የሳሉን ነገር ሐኪሙ ምን እንዳላችሁ ጻፊልኝ።